ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ከፍታ ላይ የመኪና ሙቀት መብዛት

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ወደ 90 ይወርዳል። የብዙ ቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ነው። ራዲያተሩ ግፊት መያዝ ካቃተው ለመፍላት የሚቀረው አሥር ዲግሪ ብቻ ይሆናል፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው ዳገት ይህንን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ፍተሻው ከራዲያተሩ ክዳን ይጀምር። ደህና ክዳን፣ ላዩ ላይ እንደተጻፈው 0.9 ወይም 1.1 ባር ግፊት አፍኖ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ሪዘርቩ (የትርፍ ውሃው ዕቃ) ይሞላና ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ወደ ራዲያተሩ አይመለስም። ጠዋት የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የውሃ ቱቦ) ተጨፍልቆ ከተገኘም ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ያው ቁጥር ያለበትን ይግዙ። «ይጠንክር» ብሎ ከፍ ያለ ቁጥር መግጠም አሮጌ ማኒኮቶ ያፈነዳል።

ቀጥሎ መቼ እንደሚያሞቅ ያስተውሉ። ቃሊቲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያሞቅ፣ መንገድ ሲከፈትለት የሚበርድ ከሆነ ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ፋን) ይጠርጥሩ። ኤሲ ይክፈቱ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ወዲያው መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ሶኬት፣ በመጨረሻ የፋኑ ሞተር ይታይ። በኤሲ ተነስቶ በሙቀት የማይነሳ ከሆነ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይም ውሃ ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ቀርቷል።

ሰልፍ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚያሞቅ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በሱሉልታና በሰንዳፋ መንገድ የሚበነው ጭድና ድርቆሽ፣ በኤሲ ኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ገብቶ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ ይታጠብ። የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣምማል፤ ያኔ አየር ጨርሶ አያልፍም። ከውስጥ የሚደፍነው ለዓመታት የተሞላ ተራ ውሃ ያመጣው ዝገትና የኖራ ቅርፊት ነው። እንደ ቪትስና ኮሮላ ያሉ ትንንሽ መኪኖች በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ፤ ግማሹ ኩለንት (የራዲያተር ፈሳሽ)፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ ይሁን።

ሞተሩ ከተነሳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሙቀት ጌጁ ከወጣ፣ የላይኛው ማኒኮቶ እየፈጀ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም። ፈትቶ በድስት መቀቀል ጥሩ ፈተና ነው፤ እኛ ጋ ግን ያታልላል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድስታችን እዚያ አይደርስም። በከፊል ከተከፈተ ደህና ነው፣ አይጣሉት። 88 የተጻፈበት ደግሞ ገና ሲከፈት ቢታይ አይገርምም። ጨርሶ አውጥቶ መንዳት የተለመደ ቢሆንም አንመክርም፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ ይበላል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ባይፓሱን (ራዲያተሩን አልፎ የሚዞረውን የውሃ መንገድ) የሚዘጋው ራሱ ቴርሞስታቱ ስለሆነ፣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል። አዲሱ ሲገጠም ትንሿ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ ትሁን።

የውሃ ፓምፕና ቺንጋ (ቀበቶ) ቶሎ ይታያሉ። ፓምፑ ሥር ባለችው ቀዳዳ የደረቀ የኩለንት ምልክት ካለ ፓምፑ ይቀየር፤ ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም።

መንገድ ላይ ጌጁ ከወጣ ኤሲ ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ዳር ይያዙ። ቀይ ከነካ ወይም እንፋሎት ከታየ ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ 30 ደቂቃ አይንኩ፤ ማኒኮቶው ሲጨበጥ እስኪለሰልስ ይጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይሰነጥቃል። ሲበርድ ሞተሩን አስነስተው ቀስ እያሉ ይሙሉ።

ከጥገና በኋላ አየር ሲወጣ፣ «ክዳኑን ከፍተህ ፋኑ እስኪነሳ ጠብቅ» የሚለው ምክር በባሕር ጠረፍ ይሠራል። እዚህ ተራ ውሃ ከሆነ ፋኑ ሳይነሳ ፈልቶ ይፈሳል። ማሞቂያው ክፍት ሆኖ የታችኛው ማኒኮቶ ሞቅ ማለት ሲጀምር ሞልተው ይዝጉ፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ የጎደለውን ይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ በብርድ በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካልቆመ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። ያን ጊዜ በውሃ እየሞሉ ጋራዥ ድረስ መንዳት ሞተሩን ያስነክሳል፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ።