አደይን በከለር ፊልም ከቅርብ ማንሳትና ለጓደኛ ማሳየት

መስከረም ላይ ጎጃም በአደይ ቢጫ ስለሚሆን ከቅርብ ማንሳት ለሚጀምር ሰው ከሷ የተሻለ የለም። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውጡ፣ ከቅርብ ስታነሱ አበባዋ ትንሽ ከነቃነቀች ፎከሱ ይሄዳል። ከቅርብ ማንሻው ማክሮ ሌንስ ውድ ነው ባክህ፣ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስና ካሜራው መሀል የሚገባ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይበቃል፣ ግን ቲዩቡ ብርሃን ይበላል፣ አበባዋ ፊልሙ ላይ በራሷ መጠን ስታርፍ ሁለት ስቶፕ ያህል ይጠፋል (ብርሃኑ ሩብ ይሆናል)፣ ካሜራው በሌንሱ ውስጥ የሚለካ ከሆነ ራሱ ያየዋል፣ በእጅ በሚያዝ የብርሃን መለኪያ ከሆነ ግን እናንተ ጨምሩ። ከተጠራጠራችሁም ጨምሩ፣ ከለር ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ነው ጥላው የሚጨቀየው። ስላይድ ፊልም ተቃራኒው ነው፣ ብርሃን ሲበዛበት ነው የሚበላሸው።

ጮቄ ተራራ ላይ ጅብራን፣ ያንን ረጅም የደጋ ተክል፣ ልታነሱ ከወጣችሁ 400 ፊልም (በትንሽ ብርሃንም የሚሠራውን) ያዙ፣ ደመናው አይታመንም።

ስታሳዩ 36ቱንም አትዘርግፉ እንጂ፣ ሦስት አራት መርጣችሁ የፊልሙን ስም፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት)፣ የሹተሩን ፍጥነት ጻፉ፣ ያኔ ሰው የሚለው ነገር ያገኛል። የሌላ ሰው ስታዩም «ዋው» ብሎ ማለፍ ምንም አይጠቅመውም፣ ፎከሱ የት እንዳረፈ ንገሩት። ቀለሙ አረንጓዴ ከመታ ደግሞ ፊልሙን ከመውቀስ በፊት ስካኑ እንደገና ይሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው እዛ ነው።