በክሩዝ መርከብ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሥልጠና እንዴት ይሰጣል?

እ.ኤ.አ. በ2019 ካርኒቫል የተባለው ግዙፍ የክሩዝ (የመንገደኞች መዝናኛ መርከብ) ኩባንያ አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቀድሞ በተፈረደበት ጉዳይ በክትትል ላይ እያለ የገባውን ግዴታ መጣሱን አምኖ ነው። ከምግብ ትራፊ ጋር የተቀላቀለ ፕላስቲክ ባሃማስ ባሕር ውስጥ ተጥሏል። በሁለት መርከቦች ላይ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ሥልጠና መዝገብ ሆን ተብሎ በሐሰት ተሞልቷል።

ይቺን ሁለተኛዋን ልብ ይበሉ። ፊርማ ማሰባሰብ ቀላል ነው፤ ማሠልጠን ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በተለይ ሠራተኛው ከብዙ አገር በመጣበት፣ አንዱ ኮንትራቱን ጨርሶ ሲወርድ ሌላው በሚሳፈርበት መርከብ ላይ። የአካባቢ ጥበቃ ኦፊሰር ሆነው ተመድበው ወይም የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆነው «ልጆቹን አሠልጥን» ከተባሉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄዱ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መርከቡን ይዙሩ

ብዙ ሰው ሕጉን ከፍቶ ስላይድ መሥራት ይጀምራል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ከሞተር ክፍል እስከ ላይኛው ደርብ ይሂዱ። ከመርከቡ የሚወጣውን ሁሉ ይጻፉ። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የሻወርና የልብስ ማጠቢያ ውሃ፣ ከሞተሮቹ ሥር የሚጠራቀመው ቢልጅ የሚባለው ዘይት የነካው ውሃ፣ የምግብ ትራፊ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ የመዋኛ ገንዳ ውሃ፣ መርከቡን ለማመጣጠን የሚያዘው ባላስት ውሃ፣ የጭስ ማውጫው ጭስ።

ከዚያ ትንንሾቹን ይፈልጉ። ጣጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሌላው የክሩዝ ኩባንያ ሮያል ካሪቢያን በ1999 ጥፋቱን አምኖ 18 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣ ጉዳዩ ዘይት ብቻ አልነበረም። ከፎቶ ማጠቢያ፣ ከላውንደሪና ከማተሚያ ክፍል የወጣ ኬሚካልም ባሕር ገብቶ ነበር። የፎቶ ክፍል ሠራተኛ ራሱን ከባሕር ብክለት ጋር አያይዞ አያስብም። ስለዚህ ዝርዝርዎ ውስጥ የፀጉር ቤቱ ቀለም፣ የክሊኒኩ መርፌ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ባትሪና የተቃጠለ አምፖል ካልገቡ ዙሩ አላለቀም።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን አንድ ገጽ ላይ ይጨርሱ

ዋናው ሕግ ማርፖል ነው። በ1973 ጸድቆ፣ በ1978 ተጨማሪ ፕሮቶኮል ታክሎበት፣ ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ስድስት አባሪዎች አሉት። ለክሩዝ መርከብ ሠራተኛ በየቀኑ የሚያስፈልጉት አራቱ ናቸው፦ ስለ ዘይት፣ ስለ መጸዳጃ ፍሳሽ፣ ስለ ቆሻሻ እና ስለ አየር ብክለት የሚናገሩት። ባላስት ውሃ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ የራሱ ስምምነት አለው።

ገጹ ላይ የሚሰፍሩት መሠረታዊ ቁጥሮች ብዙ አይደሉም። ፕላስቲክ የትም ባሕር፣ በምንም ርቀት አይጣልም። የወጥ ቤት ዘይትም እንደዚያው። የተፈጨ የምግብ ትራፊ ከየብስ ቢያንስ 3 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል) ርቆ፣ ያልተፈጨ ከሆነ 12 ማይል። «የተፈጨ» ማለት 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት የሚያልፍ ነው። ያልታከመ የመጸዳጃ ፍሳሽ ከ12 ማይል በላይ ርቆ፣ መርከቡም ቢያንስ በ4 ኖት (በሰዓት 4 የባሕር ማይል) እየሄደ፣ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ቢልጅ ውሃ ዘይትን ከውሃ በሚለይ መለያ መሣሪያ አልፎ የዘይት መጠኑ ከሚሊዮን 15 እጅ ሳይበልጥ፣ መርከቡ ጉዞ ላይ እያለ ብቻ። የነዳጅ ሰልፈር ከ2020 ጀምሮ ከ0.50 በመቶ አይበልጥም፤ ልዩ የልቀት ቁጥጥር ባለባቸው ባሕሮች 0.10 በመቶ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እነዚህ ቁጥሮች ወለሉ፣ ማለትም ዝቅተኛው ግዴታ ናቸው። ልዩ ተብለው በተከለሉ ባሕሮች የተፈጨ ምግብም 12 ማይል ይፈልጋል። ባልቲክ ላይ ለመንገደኞች መርከብ የመጸዳጃ ፍሳሽ ሕጉ በጣም ጥብቅ ነው። የሻወርና የልብስ ማጠቢያ ውሃን ማርፖል ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የአሜሪካዋ ግዛት አላስካ ግን አታልፈውም። የኩባንያው የራሱ መመሪያም ብዙ ጊዜ ከሁሉም የጠበቀ ነው። ስለዚህ ለሠራተኛው የሚሰጡት ገጽ ላይ በዚያ ጉዞ የሚሠራው ጥብቁ ቁጥር ብቻ ይስፈር። ሦስት ዓይነት ቁጥር ያለበት ሠንጠረዥ ለሌሊት ተረኛ መከራ ነው።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚመለከተውን ብቻ ይስጡ

አስተናጋጅ ስለ ሰልፈር መስማት አያስፈልገውም። ሞተረኛም ስለ ትሪ አጠራረግ ቢሰማ ያንቀላፋል። ሥልጠናው በየክፍሉ ይከፈል።

ወጥ ቤትና ምግብ አዳራሽ ላይ ብዙ ጊዜ ያጥፉ። ሕጉ እዚያ የሚጣሰው በክፋት ሳይሆን በጥድፊያ ነው። ሺህ ሰው በልቶ ሲነሳ ሳህኑ እየተጠረገ ትራፊው ወደ መፍጫ ማሽኑ ይሄዳል። ከትራፊው ጋር የቅቤ መጠቅለያ፣ ስቴኪኒ፣ የጭማቂ መምጠጫ፣ ፍራፍሬ ላይ የተለጠፈች ስቲከር ትገባለች። መፍጫው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያደቀዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ባሕር ሲገባ ደግሞ የተጣለው ምግብ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ መለየት ያለበት ሳህኑ ከጠረጴዛ ሲነሳ ነው እንጂ መፍጫው አፍ ላይ አይደለም። ይህን በቃል አይንገሩ። አንድ ባልዲ እውነተኛ ትራፊ ያስመጡ፣ ጓንት ያድሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉና ይልቀሙ። ትንሽ ይሸታል። ግን ከመቶ ስላይድ ይበልጣል። የሚቻል ከሆነ ደግሞ በትንሹ የታሸገውን ቅቤ ከነአካቴው ከመግዛት ይተዉ ብለው ለኃላፊዎች ይንገሩ፤ መርከቡ ላይ ያልወጣ ፕላስቲክ አይለቀምም።

ክፍል አጽጂዎች መንገደኛው ትቶት የሄደውን ባትሪ፣ መድኃኒት፣ መርፌና የሚረጭ ቆርቆሮ ወዴት እንደሚወስዱ ይወቁ። የደርብ ሠራተኞች የተፋቀ ቀለም ከመጠረጉ በፊት ውሃ እንደማይለቀቅበት ይወቁ።

ሞተር ክፍል ላይ ደግሞ ጨከን ማለት ያስፈልጋል። ታዋቂዎቹ ወንጀሎች የተፈጸሙት እዚያ ነው። መለያ መሣሪያውን የሚያልፍ ድብቅ ቧንቧ መቀጠል፣ ወይም የዘይት መለኪያውን በንጹሕ ውሃ እያታለሉ ንባቡን ዝቅ ማድረግ። አሠልጣኙ እነዚህን ዘዴዎች በስማቸው መጥራት አለበት። «እንዳያስተምራቸው» ብሎ የሚፈራ አለ። ሊያደርገው የሚችለው ባለሙያ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የማያውቀው አጠገቡ ሲደረግ የሚያየው አዲሱ ልጅ ነው።

ደረጃ 4፦ አጭር፣ ሥራው ቦታ ላይ፣ በእጅ

አዲስ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሠረታዊውን ይያዝ። ጎልቶ የሚወጣውን ብቻ፦ ከመርከብ ምንም አይወረወርም፣ የትኛው ቆሻሻ የትኛው ቀለም ባለው ገንዳ ይገባል፣ ጥርጣሬ ካለ ለማን ይደወላል። የቀረው በሥራ ክፍሉ በቀጣዮቹ ቀናት ይሰጣል።

ቋንቋውን ቀለል ያድርጉ። የመርከቡ የሥራ ቋንቋ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። «ገብቶሃል?» አይበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «አሳየኝ» ይበሉ። ባትሪ እጁ ላይ ያድርጉለትና ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉት።

ደረጃ 5፦ የስልክ ጥሪውን ያለማምዱ

ምንም ነገር ወደ ባሕር ከመለቀቁ በፊት ሁለት ሰዎች መነጋገር አለባቸው። ሞተር ክፍል ብሪጅን፣ ማለትም መንጃ ክፍሉን ይጠይቃል፦ የት ነን፣ ከየብስ ስንት ማይል፣ ፍጥነታችን ስንት ነው፣ ይፈቀዳል? ብሪጅ የባሕር ካርታውን አይቶ ይመልሳል። ሁለቱም ሰዓቱን ይጽፋሉ። ሲያበቃም እንደገና ይደወላል።

በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። የሚበላሸው መርከቡ አቅጣጫ ሲቀይር ነው። የተፈቀደው ከ12 ማይል ውጭ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መርከቡ ወደ ደሴት ይጠጋል፤ ፓምፑ ግን አሁንም ይሠራል። ስለዚህ በልምምዱ ላይ አንዱን ብሪጅ፣ ሌላውን ሞተር ክፍል አድርገው ያስቀምጡና መሐል ላይ መስመሩን ይቀይሩባቸው። ማን ቀድሞ «አቁም» እንደሚል ይመልከቱ።

ደረጃ 6፦ መዝገብ አያያዝ

ተቆጣጣሪ ወደብ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው መካከል የዘይት መዝገብና የቆሻሻ መዝገብ አሉበት። የመጀመሪያው ለሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው ለሁለት ዓመት ይቀመጣል። ሥራው እንዳለቀ ይጻፋል፣ የሠራው ኃላፊ ይፈርማል፣ ገጹን ካፒቴኑ ይፈርማል። ስህተት በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል፤ አይፋቅም፣ አይቀባም። ነገ የሚሠራው ዛሬ አይጻፍም። አሜሪካ ውስጥ መርከቦች የሚከሰሱት ብዙ ጊዜ በፍሳሹ ሳይሆን ወደብ ይዘው በገቡት የሐሰት መዝገብ ነው። ይህን ለጀማሪ ኢንጂነሮች በግልጽ ይንገሯቸው፤ ፊርማው የራሳቸው ነው።

ደረጃ 7፦ «እምቢ» ማለትንም ያሠልጥኑ

በ2013 ካሪቢያን ፕሪንሰስ የተባለው መርከብ ላይ አዲስ የተቀጠረ ኢንጂነር ድብቅ ቧንቧ አየ። መርከቡ እንግሊዝ ሲደርስ ለባለሥልጣናት አሳውቆ ሥራውን ለቀቀ። በ2016 የመርከቡ ኩባንያ ጥፋቱን አምኖ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሰውየው ለማሳወቅ ሥራውን መልቀቅ ነበረበት። ጥሩ ሥልጠና ይህን ያስቀራል።

እንዴት? የጥቆማ ስልኩን ቁጥር ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይበቃም። ቁጥሩ እንደሚሠራ እዚያው ክፍል ውስጥ ደውለው ያሳዩ። ማን እንደሚያነሳ፣ ስሙን ሳይናገር ማሳወቅ እንደሚችል ይንገሩ። ካፒቴኑ ወይም ዋና ኢንጂነሩ መጥተው «አለቃህ ሕግ አፍርስ ቢልህ ወደ እኔ ና» ብለው በራሳቸው አፍ ይናገሩ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ካልመጡ ግን ሠራተኛው መልእክቱ ገብቶታል።

ደረጃ 8፦ ይፈትሹ፣ ያድሱ

ፈተና ወረቀት ላይ አይንጠልጠሉ። ኮሪደር ላይ ያገኙትን ያስቁሙና ይጠይቁ፤ ተቆጣጣሪዎችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሠራተኛው ብክለትን ስለመከላከል ዋና ዋና አሠራሮች የማያውቅ ከሆነ መርከቡን ወደብ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ። ገንዳዎቹንም ይክፈቱ። የተሳሳተ ነገር ካገኙ ያንኑ ክፍል በዚያው ሳምንት ይመለሱበት።

የተገኘውን ሰው ብቻ በመዝገብ ያስፈርሙ። ተረኛ የነበረ ካለ «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍና ሌላ ቀን ይያዝለት። የመርከቡ መስመር ሲቀየር ደግሞ የቁጥሮቹን ገጽ እንደገና ያትሙ። ሜዲትራኒያን ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 0.10 በመቶ ሰልፈር ከሚጠይቁት ባሕሮች አንዱ ሆኗል። በድሮው ገጽ የሚሠራ መርከብ ነዳጁን ሳይቀይር ይገባል፤ ስለዚህ አዲሱ ሲለጠፍ አሮጌው ከየግድግዳው ይነሳ።