ያገለገለ የሸራ ጀልባ ስትገዙ ውሃው የት እንደገባ ፈልጉ

ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላ አናፖሊስ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩን የወንዝ አፍና ትንንሽ ወደብ ሞልቶታል። አርብ ማታ ተነስቶ፣ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ መልህቅ ጥሎ አድሮ፣ እሑድ ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ብዙ ወገኖቻችን ጀልባ የሀብታም ነው ብለው ይተዉታል። 30 ጫማ የሚሆን የቆየ የሸራ ጀልባ ግን ካገለገለ መኪና ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ ታያላችሁ። ገንዘብ የሚበላው ከተገዛ በኋላ የሚገኘው ጉድ ነው።

ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ያውቃል። ታንኳው ይከብደዋል፤ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። የእነዚህ ጀልባዎች አካል የሚሠራበት ፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) ግን ውስጡ ውሃ ጠጥቶም ላዩ ያብለጨልጫል። ስለዚህ የመራጩ ትልቁ ሥራ ውሃው የት የት እንደገባ መፈለግ ነው።

1. የምትሄዱበትን ውሃ እወቁ

ቼሳፒክ ጥልቅ አይደለም። በአማካይ 21 ጫማ ነው። ለማደሪያ የሚመቹት ጥጎች ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳሉ። ማስታወቂያ ስታነቡ ከርዝመቱ ቀጥላችሁ ጀልባው ከውሃ በታች ስንት ጫማ እንደሚወርድ እዩ። 5 ጫማና ከዚያ በታች ከሆነ ብዙ ቦታ ያስገባችኋል። 6 ጫማ ከሆነ ግን ቆንጆ ቆንጆውን ጥግ ከሩቅ አይታችሁ ታልፋላችሁ።

ለባልና ሚስት፣ አንድ ሁለት ልጅም ቢጨመር፣ ከ27 እስከ 32 ጫማ ይበቃል። ትልቅ አትመኙ። የማሪና ኪራዩም፣ ከውሃ ማውጫውም፣ ቀለሙም በጫማ ነው የሚሰላው።

ለጀማሪ ብዙ የተሠራ ሞዴል እመርጣለሁ። ለምሳሌ ካታሊና 30 ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ6,000 በላይ ተሠርቷል። መለዋወጫው ይገኛል፤ የታወቀ ሕመሙንም የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። የተለመደው ኪሉ፣ ማለትም ከሆዱ ሥር ወደታች የሚወርደው ከባድ ክንፍ፣ 5 ጫማ ከ3 ኢንች ይወርዳል፤ አጠር ያለ ኪል ያለውም አለ።

2. ወለሉን አንኳኩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የብዙ የቆዩ ጀልባዎች የላይኛው ወለል እንደ ሳንድዊች ነው። ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ። ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነገር ሁሉ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን የደፈነው ማጣበቂያ በዓመታት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከዚያ ዝናብ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል።

እናቶቻችን ገበያ ላይ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ነው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የጀልባ ወለልም እንደዚሁ ነው። የካቻቢቴ እጀታ ይበቃችኋል። በየስንዝሩ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ ሥር፣ መስኮቶቹ ዙሪያና የአጥሩ ብረቶች ሥር ሲደርስ ደግሞ ጠጋ ጠጋ አድርጉት። ጤነኛው ጠንከር ያለ አጭር ድምፅ ይመልሳል። የበሰበሰው ዱብ ዱብ ይላል።

አንድ ጊዜ ከወዳጄ ጋር አንድ ጀልባ ልናይ ሄድን። ፍራሹ አዲስ፣ እንጨቱ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ሁሉ ነገር ደስ የሚል። ወዳጄ ገና ከመግባቱ ልቡ ሄዷል። እያንኳኳን ምሰሶው ሥር ስንደርስ ድምፁ ሞተ። ወዳጄ እግሩን ጫን ሲያደርግ ከአንዲት ብሎን ሥር ውሃ ፊጭ አለ። ቀለሙ ልክ እንደ ሻይ ነው። የበሰበሰ እንጨት ጭማቂ ነው ያ። ባለቤቱን አመስግነን ሄድን።

መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ ብታገኙ አትደንግጡ፤ ትጠገናለች፣ ዋጋም ታስቀንሳለች። ምሰሶው የቆመበት ወይም የወለሉ ሰፊ ክፍል ከሆነ ግን ጥገናው ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎች የታሰሩባቸውን ብረቶች ፈልጉ። ከሥራቸው ቡናማ መስመር ወደታች ከወረደ እዚያም ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ምሰሶውን አቁመው የያዙት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ እንዲሁ አትለፉት።

3. ሆዱን እዩ

ጀልባው ከውሃ ወጥቶ መታየት አለበት። ሆዱ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ብታዩ በቆየ ፋይበርግላስ የተለመደ ነው። ኪሉ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ግን በደንብ እዩ። በቆዩ ካታሊናዎች ላይ ከፊት በኩል የሚታየውን ስንጥቅ ሰዎች «የካታሊና ፈገግታ» ይሉታል። ስስ መስመር ከሆነ ብዙ ጊዜ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ደፍኖ ይታለፋል። የዝገት ውሃ የሚያለቅስ ከሆነ ግን ባለሙያ ሳያየው አትዋዋሉ።

መሪውን ይዛችሁ ነቅንቁት። በጀልባው ሆድ በኩል ውሃ የሚያስገቡትንና የሚያስወጡትን ቫልቮችም አንድ በአንድ በእጃችሁ አዙሩ። አልዞር ያለው በችግር ቀንም አይዘጋም።

4. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ

ለባለቤቱ አስቀድማችሁ «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ መዳፋችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠዋት ላይ የመነሳት ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ዘይቱን አውጡና እዩ። እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል።

ከተነሳ በኋላ ከኋላ በኩል ከጭሱ ጋር ውሃ መትፋት አለበት። የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ወይ አየር አንሶታል ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

በአሮጌ የአሜሪካ ጀልባዎች ላይ አቶሚክ 4 የሚባል የቤንዚን ሞተር ታገኛላችሁ። ጥሩ ሞተር ነው። ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከማስነሳታችሁ በፊት ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ማሠራት ግዴታችሁ ነው። ልጆች ይዤ ስለምወጣ እኔ ናፍጣ እመርጣለሁ።

5. ሸራና ሽቦ

የሸራውን ስፌት በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ክሩ ከተበጠሰ ፀሐይ በልቶታል። የምሰሶው ሽቦዎች መቼ እንደተቀየሩ ጠይቁ። ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፋቸው የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

6. ውልና ወረቀት

ዋጋ ስትስማሙ ውሉ ላይ «በምርመራና በውሃ ላይ ሙከራ ካለፈ» የሚል ይግባ። ያለዚያ ቀብዱ ሊቀርባችሁ ይችላል። የጀልባ መርማሪውን ራሳችሁ ቅጠሩ። ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆማችሁን ሰው አትውሰዱ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በጫማ ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ኢንሹራንስም የቆየ ጀልባ ላይ ሪፖርቱን ይጠይቃል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከኋላ በስተቀኝ የተጻፈውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የጀልባ መለያ ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ከ1984 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። ዕዳ እንዳለበትም አጣሩ። ሜሪላንድ ላይ ስታስመዘግቡ 5 በመቶ ታክስ አለ፤ ከአሁኑ በጀታችሁ ውስጥ ያዙት።

7. ውሃ ላይ ሞክሩት

ከመውጣታችሁ በፊት የውስጠኛውን ወለል ክዳን አንስታችሁ ታች ያለውን ውሃ በጨርቅ አድርቁት። ከዚያ ሸራውን ዘርጉ፤ ጀልባው በሁለቱም ጎን ያዘንብል፤ መሪውን ራሳችሁ ያዙ። ሞተሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ አሠሩት። ስትመለሱ ክዳኑን ድጋሚ ክፈቱ። አሁን የምታዩት ውሃ የዛሬ ነው። ባትሪያችሁን አብሩና መንገዱን ተከትላችሁ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ምንጩን ሳታገኙ አትፈርሙ።