ጎንደር ላይ ሰርቪስ ለምታከራዩ፦ እኛን ብር ያስከፈሉን ስህተቶች

ማራኪ አካባቢ እናቴ ግቢ ውስጥ አምስት ሰርቪስ ክፍል አለን። ሦስቱ አባቴ በጭቃ የሰራቸው ናቸው፣ ሁለቱን እኛ በብሎኬት ጨመርን። ሰባት አመት ሆነኝ እኔ ሳስተዳድረው፣ ማስተዳደር ከተባለ። ተማሪም፣ ነርስም፣ መምህርም፣ ከአዘዞ እየተመላለሰ ሰልችቶት የመጣም ኖሮብናል። የከሰርንባቸውን ነገሮች ቁጭ ብዬ ሳስባቸው የሁሉም ስር ይሉኝታ ነው፣ ሌላ አይደለም።

አንደኛው፣ በዘመድ የመጣን ሰው ያለ ውል ማስገባት። የአክስቴ ልጅ "ጨዋ ነው፣ አብሮኝ ነው ሚሰራ" ብሎ አንዱን ይዞ መጣ። እናቴ ቡና አፈላች፣ ሦስተኛውን ጠጥቶ "እማማ ይመርቁኝ" ያለ ሰውን ደግሞ ና ወረቀት ፈርም አይባልም አይደል? ስምንት ወር በሰላም ኖረ። ከዛ እኔ የታህሳስ አልገባም ስለው "ለእማማ በእጃቸው ሰጥቻለሁ" አለኝ። እናቴ 74 አመቷ ነው፣ ስጠይቃት "ሰጥቶኝ ይሆናል ልጄ፣ አትጨቅጭቀው" አለች። ዋሽቷል ልለው አልችልም፣ ቀጥፏልም አልልም፣ ምንም ማስረጃ የለኝማ! ብሩም ቀረ፣ ከአክስቴ ልጅም ጋር እስከ ፋሲካ ተኮራረፍን።

ውል ለመጻፍ የግድ ጠበቃ አያስፈልግም፣ ሁለት ገጽ ይበቃል። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ኪራዩ ስንት ነው ወር በገባ በስንተኛው ቀን ይከፈላል፣ መብራትና ውሃ በማን ነው፣ መልቀቅ ሲፈልግ ከስንት ቀን በፊት ይናገራል፣ ስንት ሰው ነው የሚኖረው (ይቺን እንዳትረሱ፣ ለአንድ ተማሪ ብላችሁ ያከራያችሁት ክፍል በሁለት ወሩ አራት ፍራሽ ተነጥፎበት ታገኙታላችሁ)። ምስክር ደግሞ ከሁለት እንዳያንስ። ክፍያው በቴሌብር ወይ በባንክ ይሁን፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "የጥር ኪራይ" ብሎ ይጻፍበት፣ ያኔ እማማም እኔም ለማስታወስ አንጨነቅም።

በነገራችን ላይ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቢያንስ ለ2 አመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ ይላል። ክልል ላይ የሚሰራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ውል ከመጻፋችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። ደላላ የነገራችሁን ይዛችሁ ብቻ አትጻፉ፣ ደላላ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ቀጣዩ ብዙ ሰው የሚበላበት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያንና መያዣን አንድ ማድረግ። ቅድሚያ ማለት ገና ያልተኖረበት ወር ኪራይ ነው። መያዣ ግን ቤቱ ቢበላሽ፣ መብራት ሳይከፈል ቢቀር ተብሎ የሚቀመጥ፣ ምንም ከሌለበት የሚመለስ የተከራዩ ብር ነው። እኛ 4,000 ብር ለሆነ ክፍል 8,000 ተቀበልንና ምን እንደሆነ ስም ሳንሰጠው ዝም አልን። ልጁ ሊወጣ ሲል "ያስያዝኩት አለ አይደል" ብሎ የመጨረሻውን ሁለት ወር በሱ ኖረበት፣ እሺ እሱስ ይሁን፣ ሲወጣ ግን የሽንት ቤቱ መቀመጫ ተሰንጥቋል፣ ውዝፍ መብራት አለ፣ ከምን ይቀነስ? ስለዚ ወረቀቱ ላይ ይሄን ያህሉ ቅድሚያ፣ ይሄን ያህሉ መያዣ፣ መያዣው በኪራይ አይተካም ብላችሁ ለዩት።

መያዣውን ደግሞ አትብሉት! እኔ አንድ ፋሲካ የቅርጫ አዋጥቼበት፣ ልጅቷ ሰኔ ላይ ተመርቃ ስትወጣ ከጎረቤት ተበድሬ ነው የመለስኩላት፣ ያኔ የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ለብቻው አካውንት አለው፣ ኤቲኤም ካርድ እንኳን አላወጣሁለትም።

ከዚሁ ጋር፣ ክፍሉን ሳያሳዩ ቁልፍ መስጠት። ገብታችሁ ከተከራዩ ጋር በስልክ ቪዲዮ አንሱት፣ መስኮቱን፣ ሶኬቱን፣ ቧንቧውን፣ ስንት ቁልፍ እንደሰጣችሁ፣ ለሱም ላኩለት። ሲወጣ ያንኑ ከፍታችሁ አብራችሁ ታያላችሁ፣ ክርክር የለም። ግን ፍርዳችሁ ልከኛ ይሁን፣ ሁለት አመት የተኖረበት ቤት ቀለሙ ቢደበዝዝ ከመያዣ አይቆረጥም፣ ያ የናንተ ወጪ ነው። የተሰበረ መስታወትና በከሰል ጭስ የጠቆረ ኮርኒስ ሌላ ጉዳይ ነው።

መብራት ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የግቢ ጸብ ሁሉ እዛ ነው የሚጀምረው። አንድ ቆጣሪ ለአምስት ክፍል፣ ወር ሲያልቅ በሰው ይካፈላል። አንዷ በሳምንት ሁለቴ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዱ ስልክ ቻርጅ ከማድረግና አንድ አምፖል ከማብራት ውጪ ምንም የለውም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰራ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ አምፖሉ 10 ዋት ነው፣ እኩል ክፈሉ ማለት ግፍ አይደል? ደግሞ ታሪፉ እየተጠቀማችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ነው፣ ለብቻው 50 ወይ 80 የሚያቃጥል ሰው ከግቢው ጋር ሲደመር ውዱ እርከን ውስጥ ይገባል። እኛ ለየክፍሉ ትንንሽ የውስጥ ቆጣሪ አስገጠምን፣ ወር ሲሞላ ፎቶ አንስቼ እላክላቸዋለሁ፣ በቃ ጭቅጭቁ ሞተ። ውሃውም ያው ነው፣ የሰፈራችሁን ፈረቃ ታውቁታላችሁ፣ ሮቶው ሳይኖር "ውሃ አለው" ብላችሁ አታከራዩ፣ በሳምንቱ ጄሪካን ይዞ በራችሁ ላይ ይቆማል።

ኪራይ ሲዘገይ ዝም ማለት፣ ከዛ አንድ ቀን ተነስቶ መፈንዳት። "ደሞዝ ዘግይቶብኝ ነው ጋሼ" ይላል፣ እሺ፣ ደግሞ ይላል፣ እሺ። ሦስት ወር ሲሞላው ንዴት ይመጣና ሰው መብራት ይቆርጣል፣ በር ላይ ሌላ ቁልፍ ይደርባል፣ ይባስ ብሎ እቃ ወደ ውጪ ይወረውራል። እንዳታደርጉት! ባለዕዳው እሱ ሆኖ ሳለ ተከሳሹ እናንተ ትሆናላችሁ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ አለው፣ በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ፣ ውሉ አንድ አመትና ከዛ በላይ ከሆነ የአንድ ወር፣ ከዛ ካነሰ የ15 ቀን ጊዜ፣ ካልከፈለ ውሉን እንደምታፈርሱ ገልጻችሁ። እኔ አምስት ቀን ሲያልፍ በቴሌግራም በትህትና እጽፋለሁ፣ አስር ሲሆን ወረቀት። መጀመሪያ በጣም አፈርኩ፣ ለካ እነሱ አያፍሩም፣ እንደውም አንዱ "ጋሼ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ" አለኝ።

ዋጋ መጨመር ደግሞ አለ። ጎረቤት ጨመረ ብሎ በየሦስት ወሩ 500 የሚጭን ሰው ሂሳብ አይችልም። 4,000 የሚከፍል ጥሩ ተከራይ ለ500 ብላችሁ ብታስወጡ ቤቱም አንድ ወር ባዶ ቢያድር፣ የጠፋውን 4,000 ለመመለስ ስምንት ወር ይፈጃል፣ የደላላና የቀለሙን ሳልቆጥር። ያ አዋጅም ቢሆን በሚሰራበት ከተማ ጭማሪው በአመት አንዴ ብቻ ነው። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ብላችሁ አመቱን ሙሉ የከፈለን ሰው "ለአራት ቀን ዘመድ ቤት እደር" የምትሉትም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ነውር ነው።

የኪራይ ገቢ ግብር ይከፈልበታል፣ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ "ለ" በሚባለው ክፍል ስር ነው፣ አንድ ክፍል ነው ያለኝ ብላችሁ አትደብቁት፣ ሲወዘፍ ቅጣቱና ወለዱ በግብሩ ላይ ይደመራል።

ተከራይ ሲወጣ የበሩን ሲሊንደር ቀይሩ። እኛ ግቢ አንድ የድሮ ተከራይ በአመቱ በሌሊት መጥቶ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ፣ ጠጥቶ ስለነበር ቤቱ ያው የሱ መስሎት፣ አዲሷ ነርስ የጮኸችውን ጩኸት ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል።