በጎንደር ቤት ሲቀየር የመብራት ሒሳብን ስለማስተላለፍ

በጎንደር ከፒያሳ ወደ ማራኪም ሆነ ወደ አዘዞ የሚዛወር ተከራይ፣ ቆጣሪው ከቤቱ ጋር የሚቀር በመሆኑ፣ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ንባቡን ከአከራዩ ጋር መዝግቦ ፎቶ ማንሳት ይኖርበታል። ቆጣሪው የድህረ ክፍያ ከሆነ የመጨረሻው ሒሳብ የሚመጣው ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ ስለሆነ፣ ድርሻውን አስልቶ በጽሑፍ ማረጋገጫ ቢከፍል ይመረጣል፤ በቃል መተማመን ብዙ ጊዜ ያቀያይማል። በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የተሞላ ሒሳብ ግን እዚያው ስለሚቀር፣ መልቀቂያው ሲቃረብ በጥቂቱ መሙላት ይበቃል።

ቤት የገዛ ሰው የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የሽያጭ ውሉንና መታወቂያውን ይዞ በአቅራቢያው በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል የስም ዝውውር ይጠይቃል፤ አስቀድሞ ግን በቆጣሪው ላይ ውዝፍ ዕዳ አለመኖሩን ማጣራት አለበት።