ዲፕሎማው «ጎርኪ» ሲል ቅጹ «ኒዥኒ ኖቭጎሮድ» ካለ

የሶቭየት ዘመን ዲፕሎማ በእንግሊዝኛ ቅጽ ሲሞላ ጎርኪ የሚባል ከተማ ከዝርዝሩ አልተገኘም። ከተማው ይህን ስም የያዘው ከ1932 እስከ 1990 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ብቻ ነው፤ ዛሬ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ነው።

የተፈታው እንዲህ ነው። በዲፕሎማው ትርጉም ላይ «ጎርኪ» ሳይነካ ቀረ፤ ተርጓሚው ስሙን አድሶ ከጻፈው ከዋናው ሰነድ ጋር ሲመሳከር አይገጥምም። በቅጹ የዛሬው ስም ተመረጠ፣ በማብራሪያው ቦታ «እስከ 1990 ጎርኪ» ተጨመረ።

አስቸጋሪው ፊደሉ ነው። የ«ኒዥኒ» መጨረሻ በእንግሊዝኛ ካርታዎች በአንድ ዋይ ይጻፋል፤ አንዳንዱ አይ እና ዋይ ያደርገዋል፣ የሩሲያ ፓስፖርት አጻጻፍ ደግሞ ድርብ አይ። ፍለጋው እምቢ ካለ «ኖቭጎሮድ»ን ብቻ መጻፍ ይሻላል። ግን ቬሊኪ ኖቭጎሮድ ሌላ ከተማ ስለሆነ ሳያስተውሉ እንዳይመርጡት። አንዱ አጻጻፍ ከተመረጠ በኋላ በቅጹም አብሮት በሚላክ ደብዳቤም ያው ይሁን።

ስማቸው የተቀየረ ሌሎች ከተሞችም አሉ፤ ካሊኒን ትቬር፣ ኩይቢሼቭ ሳማራ፣ ስቬርድሎቭስክ የካተሪንቡርግ ሆነዋል። የመጨረሻው በዋይም ያለ ዋይም ስለሚጻፍ ሁለቱንም መሞከር ነው። ግራ የሚያጋባው፣ ክፍለ ሀገሩ እስካሁን ስቬርድሎቭስክ መባሉ ነው፤ የከተማውና የክልሉ ሳጥኖች ቢለያዩ ስህተት አይደለም። ከተማው በዶን ወንዝ ላይ ያለው ሮስቶቭ ከሆነ ሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ በያሮስላቭል ክልል ሌላ ትንሽ ሮስቶቭ አለ።