የላይኛው ግቢ ውሃ ወደ እናንተ ሲወርድ

የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ሥራዬ የግንባታ ፎርማንነት ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ሰፈርተኛው “እስቲ ና እየው” ይለኛል። የማየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ከላይ ያለው ሰው ሰርቪስ ቤት ጨምሯል፣ ቆርቆሮ አስረዝሟል፣ ግቢውን በሲሚንቶ አስለስኗል። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ውሃ አሁን ተሰብስቦ ታች ይወርዳል። ታች ያለው ሰው ደግሞ በሐምሌ ሌሊት ባልዲ ይዞ ይቆማል።

ከመጨቃጨቃችሁ በፊት የሚወርደው የትኛው ውሃ እንደሆነ ለዩ። ተዳፋቱ ራሱ የሚያወርደው ውሃ አለ። ቤትም ሳይኖር ይወርድ ነበር፣ ጎረቤትን በእሱ መውቀስ አይቻልም፤ ቦይ አብጅቶ ማሳለፍ የእናንተ ፈንታ ነው። ሁለተኛው ሰው የሰበሰበው ነው፤ ከጣሪያ፣ ከአሸንዳ፣ ከተለሰነ ግቢ የሚመጣ። እዚህ ላይ የመናገር መብት አላችሁ። ሦስተኛው ቆሻሻው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,400 ሊትር ውሃ ነው፤ አሥራ ሁለት በርሜል። ያ ሁሉ በአንድ የአሸንዳ ቱቦ አጥራችሁ ሥር ሲፈስ አስቡት።

ለማረጋገጥ ሁለት ነገር አድርጉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሳይሆን እየዘነበ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና በስልክ ቅረጹ፤ ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ይታያል። ከዚያ በደረቅ ቀን፣ ጎረቤት ከፈቀደ፣ አሸንዳው በሚያፈስበት ቦታ አንድ በርሜል ውሃ አስደፉ። በእናንተ በኩል ግንቡ ከረጠበ ክርክሩ አለቀ።

ንግግሩን በግንቦት ጀምሩ። በሐምሌ ሰው ሁሉ ተናዷል፣ ቦይ መቆፈርም ጭቃ ማላቆጥ ነው። ከላዬ ያሉት ሰውዬ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ “ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይገባ አንድ ነገር ላሳይዎት” ብዬ ነው የጀመርኩት። ቪዲዮውን ቡና ላይ አየነው። “ውሃዎ ቤቴን አፈረሰው” ብል ኖሮ መልሳቸው “ከፈለግህ ክሰስ” ይሆን ነበር። ደግሞ አንድ ዕድር ነን፤ ነገ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ካስፈለገ የዕድሩን ዳኛ ይዛችሁ ሂዱ።

ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። ብዙ ላይኞች ውሃውን ወደ መንገድ የሚያወጡበት በር የላቸውም፤ መውጫው በእናንተ ግቢ ብቻ ነው። ስለዚህ “ቱቦው በእኔ ግቢ ይለፍ፣ ወጪውን እርስዎ ይሸፍኑ” ወይም “እኩል እንክፈል” በሉ። እኔ በእኩል ተስማምቻለሁ። ተበድዬ እከፍላለሁ ወይ የሚል ካለ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ማሳደስ ከዚህ ይብሳል።

ለአንድ ቤት ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ይበቃል። በየሜትሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ይህን በዓይን ግምት አትተዉት፣ ግንበኛው በጎማ ውሃ፣ ማለትም ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ፣ ይለካው። ከመሠረታችሁ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቁት፣ በተለይ እንደ ቦሌና ሲኤምሲ ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል። ቱቦው በሚታጠፍበት ሁሉ ማንሆል ይኑር፤ የማንሆሉ ወለል ከቱቦው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውረድ፣ አሸዋው እዚያ ይቀራል። መጨረሻው የመንገድ ዲች ነው። ከእናንተ በታች ወዳለው ጎረቤት ከለቀቃችሁት ችግሩን አስተላለፋችሁት እንጂ አልፈታችሁትም። ከሴፕቲክ ታንክ ወይም ከፍሳሽ መስመር ጋር ደግሞ ፈጽሞ አትቀጥሉት፤ ዶፍ በጣለ ቀን ቆሻሻው በሽንት ቤታችሁ ይመለሳል።

ላይኛው ሰው ከአሸንዳው ሥር ሮቶ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ይሆናል። ግን ሲሞላ ስለሚፈስ ቱቦውን አይተካም።

በጣም የሚያሳስበኝ የድንጋይ ግንቡ ነው። በሁለቱ ግቢዎች መካከል አፈር የሚደግፍ ግንብ ካለ፣ ሥሩ ላይ በየሁለት ሜትሩ ያህል የውሃ መተንፈሻ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ሰው ግን “ውሃ እያስገባብኝ ነው” ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ይህ ትልቅ አደጋ ነው! መውጫ ያጣ ውሃ ከጀርባ ተጠራቅሞ ግንቡን ይገፋዋል። ቀዳዳው ይተንፍስ፤ እናንተ ከሥሩ ትንሽ ቦይ ሥሩለት። ከጀርባው ደግሞ ጠጠር ቢሞላ ውሃው ቶሎ ይወርዳል። ግንቡ ሆዱን ከነፋ፣ ካዘነበለ ወይም አዲስ ስንጥቅ ካወጣ እሱ ሥር ያለ ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ። ለሽምግልና የሚጠበቅ ጊዜም የለም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ለእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱ በ939 ደውሉ። ውሃ ቤት ከገባም መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ግን ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አትንኩት።

አሁን ወደ ቆሻሻው። ዶፍ ጠብቆ ሽንት ቤቱን ቦይ ላይ የሚለቅ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሽታ፣ የሳሙና አረፋ፣ ሳይዘንብም የማይደርቅ እርጥበት ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ እኔ ትዕግሥት የለኝም። አንዴ “አስመጥጡት” ይባላል፤ እምቢ ካለ ለወረዳው ደንብ ማስከበር ማመልከት ነው። ልጆች በዚያ ውሃ ይጫወታሉ፣ አተትም አለ።

ስለ ጣሪያው ውሃ ጨርሶ የማይሰማ ጎረቤት ከገጠማችሁ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለይዞታ በአጠቃቀሙ ጎረቤቱን ማወክና መጉዳት እንደሌለበት ይደነግጋል። ቪዲዮአችሁን፣ ቀን ያለበት ፎቶና የጥገና ደረሰኝ ሰብስባችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ከተስማማችሁ ደግሞ በወረቀት ይስፈር። ቱቦው የት እንደሚያልፍ፣ ማን ስንት እንደከፈለ፣ ማንሆሉን በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ማን እንደሚጠርግ ጽፋችሁ ከምስክር ጋር ፈርሙ። ቤቱ ቢሸጥ ለገዢው የሚሰጥ አንድ ኮፒ ይኑር።